ከሥር የሚዘቅጠው የቡና ስክራብ

ቤት የምሠራው ጠጣር የቡና ስክራብ (ገላ መፈተጊያ) ሦስት ቀን አበሳጨኝ። ከቅርጹ ሳወጣው ላዩ ቅባት ብቻ፣ ሥሩ የተከማቸ ቡና። ስይዘው ከታች ይፈረካከሳል።

መጀመሪያ ቡና ጨመርኩበት። ባሰበት። ቀጥዬ የንብ ሰሙን አበዛሁ፤ እንደ ሻማ ደረቀና ቆዳ ላይ መንሸራተት ብቻ ሆነ። እንደቀዳሁት ፍሪዘር ውስጥም ከተትኩት። ቡናው ግን ቅባቱ እስኪረጋ አልጠበቀም።

ለካ ነገሩ ሙቀቱ ነው። ትኩስ ቅባት ቀጭን ስለሆነ ቡናውን አይሸከምም።

30 ግራም የንብ ሰም፣ 60 ግራም ሺአ ቅቤ (ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅባት) እና 30 ግራም የኮኮናት ዘይት በፈላ ውኃ እንፋሎት አቀለጥኩ። አወረድኩት፤ ቡናውን ግን አልነካሁም። ጠርዙ ነጣ ነጣ ብሎ እንደ አጥሚት ሲወፍር 40 ግራም ቡና ጨምሬ አማሰልኩና ወዲያው የሲሊኮን ቅርጽ ውስጥ ገለበጥኩት። ከዘገያችሁ ማንኪያው ላይ ይረጋል፤ ያኔ መልሶ ማሞቅ ነው። በማግስቱ ሳወጣው ቡናው ከላይ እስከ ታች እኩል ተሰራጭቷል።

የጀበና አተላ ከሆነ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ክው ብሎ ይድረቅ። እርጥቡ ይሻግታል። ስክራቡ የሻወሩን ወለልም ያሟልጫልና ተጠንቀቁ፣ እኔ ለትንሽ ተርፌያለሁ።