ደሴ ያለው ዋይፋይ ሲጠፋ ከሪያድ ሆኖ ምን ይደረጋል?

«ኢንተርኔቱ እምቢ አለ» የሚል መልእክት ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልድያ ሲመጣ አብዛኞቻችን ወዲያው ብር እንልካለን። በብሩ ኮምፒውተሩ ጥገና ቤት ይሄዳል። ጥገና ቤቱ «ፎርማት መደረግ አለበት» ይላል። ፎርማት ይደረጋል፤ የእህታችን የሰርግ ፎቶ ይጠፋል፤ ኢንተርኔቱ ግን አይመጣም። ችግሩ መጀመሪያውኑ ኮምፒውተሩ ውስጥ አልነበረማ!

ስለዚህ ከብሩ በፊት ጥያቄ ይቅደም። የምትጠይቁትን ሰው ደግሞ ምረጡ። አባባን ጠረጴዛ ስር አጎንብሰው ገመድ እንዲፈልጉ ማድረግ ደስ አይልም። የአክስት ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ይሁን፤ አንድ ሰው ብቻ። ቡና ተፈልቶ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ከደወላችሁ አምስት ሰው እኩል ይመልስላችኋል፤ ምንም አትሰሙም። ሰዓቱንም አስቡ። ሪያድና ደሴ አንድ ሰዓት ናቸው። ዋሽንግተን ያላችሁ ግን በበጋችሁ 7፣ በክረምታችሁ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናችሁ፤ እናንተ ከሥራ ስትገቡ እዚያ ሌሊት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ሰፈሩስ? ጎረቤትም ጠፍቶበት ከሆነ እናንተም ልጁም አርፋችሁ ጠብቁ። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ ራውተር (ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ሳጥን) መነካካት ለማንም አልጠቀመም። ዳታ በሌለበት ጊዜ በተራ ስልክ ደውሉ፤ ልጁ ያየውን ያንብብላችሁ።

ሁለተኛው፦ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ይሠራል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። «አዎ፣ ቴሌግራም እየገባ ነው» ይላችኋል፤ ለካ የሚሠራው በሲሙ ዳታ ነው። ዳታውን አጥፍቶ ይሞክር። ስልኩ በዋይፋይ ከሠራ ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ስልኩም እምቢ ካለ ኮምፒውተሩን ተዉት፤ ወደ ራውተሩ ሂዱ።

የራውተሩን ፊት ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ። በስልክ መስመር የሚሠራ ከሆነ ዲኤስኤል የሚለው መብራት ሳይቆራረጥ መብራት አለበት። ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ መስመሩን እየፈለገ ነው፤ ገመዱ ግድግዳው ላይ በደንብ መሰካቱ ይታይ። ፋይበር ከሆነ ኤልኦኤስ የሚለውን እዩ። እሱ ቀይ ከሆነ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ወይም ታጥፏል፤ ከቤት ሆኖ የሚደረግ ነገር የለም። መስመሩ ደህና ሆኖ ኢንተርኔት ብቻ ከሌለ ደግሞ ሂሳቡ መከፈሉን አጣሩ። ከተራቀቀ ብልሽት ይልቅ ያልተከፈለ ሂሳብ ይበዛል። እዚያ ያለ ሰው በቴሌብር ሊከፍለው ይችላል።

ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ጥሩ ነው። ከሶኬት ይነቀል፣ ግማሽ ደቂቃ ይቆይ፣ ይሰካ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። ኋላው ላይ ያለችውን በመርፌ የምትጫን ቀዳዳ ግን ማንም አይንካት። እሷ ማስነሻ አይደለችም፤ ቴሌ ያስገባውን የመለያ ስምና ፓስወርድ ጠራርጋ ታጠፋለች። ያኔ ትንሹ ችግር ትልቅ ሆነ ማለት ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ቀኑን ጠይቁ። እንግዳ ምክር ይመስላል፤ ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የሚከሰት ነገር ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች፤ ቁጥሯ ሲአር2032 ነው። እሷ ስትደክም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳና ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ድረ ገጾች የሚያሳዩት የደህንነት ሰርተፍኬት ከተወሰነ ቀን እስከ ተወሰነ ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው። ቀኑ ሲዛባ ብራውዘሩ «ይሄ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» ብሎ አላስገባ ይላል። ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ገጹ ግን አይከፈትም።

ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ ቀኑን ያስተካክላል፤ በእኛ አቆጣጠር! 2018 ብሎ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ስለሆነ አሁንም 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ሰዓቱንም «ጠዋት 3» ብሎ ይሞላዋል፤ ለኮምፒውተሩ 9 ነው መሆን ያለበት። ስለዚህ በግልጽ ንገሩት፦ የፈረንጅ ቀን፣ የፈረንጅ ሰዓት። ዊንዶውስ የሰዓት ቀጠና ሲጠይቅ አዲስ አበባን አያገኛትም፤ ናይሮቢን ይምረጥ፣ ሰዓቱ አንድ ነው። ባትሪዋን መቀየር ደግሞ ከፎርማት በብዙ ይረክሳል።

ቀኑ ደህና ከሆነ፣ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ «አይፒኮንፊግ» (ipconfig) ብሎ ይጻፍ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ በመልእክት ላኩለት። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ከመጣ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ ዋይፋዩን ረስቶ እንደገና ይግባ። ቁጥሩ ጤነኛ ሆኖ ገጽ ብቻ ካልተከፈተ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመውን አገልግሎት) ወደ 8.8.8.8 መቀየር ይሞከር።

ይሄ ሁሉ በስልክ ካደከማችሁ፣ ልጁ ከስልኩ ሆትስፖት ይክፈትና እናንተ በኤኒዴስክ (ኮምፒውተርን ከሩቅ በሚያሠራው ፕሮግራም) ገብታችሁ ራሳችሁ እዩት። ግን መጀመሪያ ያንን ግንኙነት በዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ውስን ዳታ ያለው (metered) አድርጉት። አለበለዚያ ዊንዶውስ ማሻሻያ ማውረድ ይጀምርና የልጁን ጥቅል ይበላዋል። ለጥቅሉ የሚሆን ብር መላክ፣ እሱ ተገቢ ነው።

ክረምት ላይ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ንገሯቸው። ከጦሳ ተራራ በኩል ነጎድጓድ ሲጀምር ራውተሩ ከመብራትም ከስልክ መስመርም ይነቀል። መብረቅ በሁለቱም ይገባል። ፋይበር መብረቅ አያስተላልፍም፤ የመብራቱ ገመድ ግን ያው ነው።

ጥፋቱ መስመሩ ላይ ከሆነ ወደ ቴሌ፣ 994 የሚደውለው እዚያ ያለው ሰው ነው። የአገልግሎት ቁጥሩን ይጠይቁታል፤ ቁጥሩ ደግሞ ሁሌ የሚገኘው እማዬ ቦርሳ ውስጥ፣ እማዬም ሐይቅ ከተማ ለቅሶ ሄደዋል። ስለዚህ ለዓረፋ ወይም ለገና ስትገቡ የአገልግሎት ቁጥሩን፣ የራውተሩን የመለያ ስምና ፓስወርድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት ውስጥ አንድ የታወቀ ቦታ አስቀምጡት። ወረቀቱን ፎቶ አንሡና እናንተም ያዙት።