በማግኔት የነርቭ መስመር ስትለኩ እነዚህን አትሳሳቱ

ያንኑ ስህተት ባለፈው ሳምንት ደግሜ ስላየሁ ነው የምጽፈው። አንድ ጀማሪ ባልደረባችን የአንዲት እናትን ራስ ላይ የማግኔት ምት ሰጥቶ፣ መልእክቱ እግራቸው ጡንቻ እስኪደርስ የወሰደውን ጊዜ ለክቶ፣ ከአንጎል የሚወርደው መልእክት ዘግይቷል ብሎ ሪፖርቱን ሊጽፍ ነበር። እሳቸው አልጋው ላይ ተጋድመው ዓይን ዓይናችንን ያያሉ። «እማማ፣ እግርዎን ወደ ላይ ትንሽ ሳብ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ኃይል ደገምነው። የጡንቻው ምላሽ ሞገድ አደገ፤ ከሁለት ሚሊሰከንድ በላይ ቀድሞም መጣ። የዘገየ ነገር አልነበረም!

ወገኖቼ፣ ዘና ያለ ጡንቻና ወጠር ያለ ጡንቻ አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጡም። ጡንቻው ትንሽ ሲሠራ በህብለ ሰረሰር ያሉት የእንቅስቃሴ ነርቭ ሴሎች ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ፣ ስለዚህ ከላይ የመጣው ምልክት ቶሎ ያስነሳቸዋል። የምታወዳድሩበት የጤናማ ሰዎች ቁጥር በወጠር ጡንቻ የተወሰደ ከሆነ እናንተም እንደዚያው ለኩ። ጥርስ ነክሶ መሳብ አያስፈልግም፤ ከሙሉ ጉልበት አንድ አስረኛ ያህል ይበቃል። ምቱን ከአንገት ወይም ከወገብ፣ የነርቩ ሥር ላይ ስትሰጡ ግን ጡንቻው ይረፍ። የትኛውን እንዳደረጋችሁም ሪፖርቱ ላይ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ቀጣዩ ሐኪም በምን ያውቃል?

በአንድ ምት አትደምድሙ። ምላሹ በየምቱ ይለያያል። ቢያንስ አምስት ስጡ፤ ለጊዜው አጭሩን፣ ለመጠኑ ትልቁን ውሰዱ።

የእግር ሲሆን ቁመት ጠይቁ። ረጅም ሰው ረጅም መስመር አለው።

ሥሩ ላይ የምትሰጡት የማግኔት ምት ነርቩን የሚያስነሳው ከአከርካሪ በሚወጣበት ቀዳዳ አካባቢ ነው እንጂ ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ አይደለም። ማዕከላዊውን ጊዜ፣ ማለትም ከአንጎል እስከ ህብለ ሰረሰር ያለውን፣ ለማግኘት ከራስ የተለካው ላይ የሥሩን ጊዜ ስትቀንሱ ያቺ አጭር የሥር ክፍል ከማዕከላዊው ጊዜ ጋር ተደባልቃ ትቀራለች። ዲስክ ሥሩን የተጫነው ሰው ላይ ይህ ያሳስታል። እንዲህ ከጠረጠራችሁ የምትቀንሱትን ጊዜ በኤፍ ሞገድ አስሉ። እግር ወይም እጅ ላይ ነርቩን ስታስነሱ ጡንቻው በቀጥታ የሚሰጠው ምላሽ ኤም ነው፤ ምልክቱ ወደ ህብለ ሰረሰር ወጥቶ ሲመለስ ዘግይቶ የሚመጣው ኤፍ ነው። ስሌቱ በሚሊሰከንድ፦ የኤፍና የኤም ጊዜ ተደምሮ፣ አንድ ተቀንሶ፣ ለሁለት ተካፍሎ።

ሌላው ሳያስረዱ መጀመር ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ሼፊልድ ላይ ይህን መንገድ ሲያሳዩ፣ ከቀደመው የኤሌክትሪክ ምት ጋር ሲተያይ ትልቁ ነገር አለማሳመሙ ነበር። በሽተኛው ግን ይህን አያውቅም። ቀጭ የሚለውን ድምፅ ሲሰማ ደንግጦ መላ ሰውነቱን ይወጥራል፣ ልኬታችሁም ይበላሻል። በቅድሚያ እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ አሳዩት። የሚጥል በሽታ፣ የልብ ምት ማስተካከያ፣ ራስ ውስጥ ብረት ወይም ጆሮ ውስጥ የተተከለ መሣሪያ እንዳለው ሳትጠይቁ ግን ኮይሉን፣ ምቱን የሚሰጠውን የሽቦ ጥቅል፣ እንዳታነሱ።

ክቡን ኮይል ሳይገለብጡ ሁለቱንም ወገን መለካት ደግሞ የእኔ ስህተት ነው። አናት ላይ ሲቀመጥ፣ ከላይ ሲታይ ጅረቱ ከሰዓት በተቃራኒ ከዞረ ይበልጥ የሚያስነሳው የግራውን አንጎል፣ ማለትም ቀኝ እጅን የሚያዘውን፣ ነው። በመጀመሪያ ዓመቴ ይህን ረስቼ አንድ ጤነኛ ሰው ግራ እጁ ደክሟል ብዬ ጽፌ፣ ሰውየው ሳምንት ሙሉ ሲጨነቅ ከረመ። አለቃዬ ኮይሉን ገልብጣ ስትሰጥ ምላሹ እንደ ቀኙ ሆኖ መጣ። ከዚያ ወዲህ ኮይሉን ሳነሳ መጀመሪያ የማየው የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደሆነ ነው።