ለገና ከውጭ ዘመድ የምትጠብቁ

እህቴ አምና ልጆቿን ይዛ ከአሜሪካ ቱሉ ዲምቱ ድረስ መጣች። ለገና ነው ብለን በጉን ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ስር አስረን ስንቀልብ፣ ለካ የልጆቹ እረፍት አልቋል! በጉ ሳይታረድ ተመለሱ። እዚያ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ለዲሴምበር 25 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 16። አዲሱ ዓመታቸው እንዳለፈ ክፍል ይገባሉ፤ የእኛ ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7 ነው።

እናም ትኬት ሳይቆረጥ የልጆቹን ትምህርት ቤት ካላንደር ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። አገሩን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ጀርመን ውስጥ እንኳ እረፍቱ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። አውስትራሊያ ዘመድ ያላችሁ ታድላችሁ! እዚያ ያኔ በጋ ስለሆነ ረጅሙ እረፍት እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ገደማ ይዘልቃል፤ ገናንም ጥምቀትንም አብረው ያከብራሉ።

የእኛዎቹንም አትርሱ። ረጅሙ እረፍታቸው ክረምት ነው፤ ከገና በኋላ የመንፈቀ ዓመት ፈተና አለ፣ የአክስት ልጅ መጣ ተብሎ አይቀርም። እኔ ዘንድሮ እህቴን ሐምሌ ላይ ነይ ብያታለሁ፤ ያኔ የሁለቱም አገር ልጆች ነፃ ናቸው። ቦት ጫማ ግን ይዛ ትምጣ፣ የሰፈራችንን ጭቃ ረስታዋለች።