በሳይበር ደኅንነት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ጊዜ የሚያባክነው የመጀመሪያው ስህተት የድኅረ ምረቃ ትምህርትን እንደ ሌላ የሙያ ሰርተፍኬት መቁጠር ነው። እንደ ዋየርሻርክ፣ ኤንማፕና ሜታስፕሎይት ያሉ የኔትወርክ መመርመሪያና የጥቃት መሞከሪያ ሶፍትዌሮችን በብቃት መጠቀም የሚያስመሰግን ችሎታ ቢሆንም፣ በግል ልምምድም ሊገኝ የሚችል ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚ የሚጠይቀው ግን አንድ መከላከያ ለምን እንደሚሠራ፣ በምን ሁኔታ ከሥራ ውጭ እንደሚሆንና ይህን በምን ማስረጃ እንዳረጋገጡ ነው። ለሥራ ልምድ ላላቸው ተማሪዎች ይህ ሽግግር ይበልጥ ይከብዳል፤ እስካሁን የተመሰገኑት ችግርን ፈጥነው በመፍታታቸው ሲሆን፣ አሁን የሚመዘኑት ችግሩን በትክክል በመጠየቃቸው ነውና።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ሒሳብን መሸሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የምስጠራ ተመራማሪዎቹ ዲፊና ሄልማን ይፋ ያደረጉት፣ ሁለት ወገኖች ሌሎች ሊያዩት በሚችሉት መስመር ላይ የጋራ ምስጢራዊ ቁልፍ የሚፈጥሩበት የቁልፍ መለዋወጫ ስልት ጥንካሬው ከምን እንደሚመነጭ ያልገባው ተማሪ፣ ስልቱ ያለ ማንነት ማረጋገጫ ሲተገበር በመሃል ለሚገባ አጥቂ ለምን እንደሚጋለጥም ሊያስረዳ አይችልም። የቁጥር ንድፈ ሐሳብን፣ ፕሮባቢሊቲንና ስታቲስቲክስን በመጀመሪያው ሴሚስተር መከለስ ኋላ ላይ ብዙ ድካም ያድናል።

ሦስተኛው ስህተት ከማን እንደሚከላከሉ ሳይወስኑ መከላከያ መንደፍ ነው። «የድርጅቶችን የኔትወርክ ደኅንነት ማሻሻል» የሚል ርእስ ሰፊ ብቻ ሳይሆን ሊፈተን የማይችልም ነው። አጥቂው ከውጭ የሚመጣ ነው ወይስ የመግቢያ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ? መልእክቶችን ማየት ብቻ ይችላል ወይስ መለወጥም? እነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፉ መጀመሪያ ካልተመለሱ፣ በመጨረሻ «ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው» የሚለው ድምዳሜ ትርጉም አይኖረውም።

አሁን በስፋት የሚታየውና እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ስህተት፣ ከዳታ ተምሮ ጥቃትን የሚለይ የማሽን ለርኒንግ ሞዴል ሠርቶ ከፍተኛ የትክክለኛነት ቁጥር በማስመዝገብ ብቻ መርካት ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ኬዲዲ ካፕ 99 የተባለው የዳታ ስብስብ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1998 በቤተ ሙከራ ከተቀነባበረ የኔትወርክ እንቅስቃሴ ነው። በ2009 የወጣ ጥናት ከመማሪያ መዝገቦቹ 78 በመቶ ያህሉ፣ ከመፈተኛዎቹ ደግሞ 75 በመቶ ያህሉ ድግግሞሽ መሆናቸውን አሳይቷል፤ በዚህ ምክንያት ሞዴሉ በብዛት የሚደጋገሙትን ጥቂት የጥቃት ዓይነቶች ብቻ በሚገባ ለይቶ ትልቅ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። የተሻለ ዳታ ቢመረጥ እንኳ ቁጥሩ ራሱ ያታልላል። በቀን 1,000,000 ግንኙነቶች የሚያልፉበት ኔትወርክ ውስጥ 100 ጥቃቶች አሉ እንበል፤ ሞዴሉ ጥቃቱንም ጤናማውንም ግንኙነት 99 በመቶ በትክክል ይለያል። 99 ጥቃቶችን ይይዛል፤ ነገር ግን ከ999,900 ጤናማ ግንኙነቶች መካከል በ9,999ኙ ላይ በስህተት ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያ በተሰጠ ቁጥር እውነተኛ ጥቃት የመሆኑ ዕድል ከ1 በመቶ ያነሰ ነው ማለት ነው። ማስጠንቀቂያዎቹን ተራ በተራ የሚያጣራው ባለሙያ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ብዙም ሳይቆይ ችላ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ከጠቅላላ ትክክለኛነት ይልቅ የሐሰት ማስጠንቀቂያውን መጠንና የጥቃቱን እውነተኛ ድርሻ ማሳየት፣ ሞዴሉንም ከተማረበት ጊዜ በኋላ በተሰበሰበ ዳታ መፈተን ያስፈልጋል።

አምስተኛው ስህተት ከውጤት ማነስ አልፎ የትምህርትም የሕይወትም መንገድ ሊያበላሽ ይችላል፤ ይኸውም ባለቤቱ ባልፈቀደው ሥርዓት ላይ መሞከር ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ፕሮግራሙ የገባበት ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ቅጂ መኖሩን እንዲጠይቅ ቢደረግም፣ አለ ተብሎ ሲመለስለትም ከሰባት አንድ ጊዜ እንዲቀጥል ተጽፎ ስለነበር፣ ቅጂዎቹ ተከማችተው በሺህ የሚቆጠሩ ማሽኖችን አዘገዩ። ተማሪው በ1990 የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። ከዓመታት በኋላም የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆን ብለው ጉድለት ያለባቸውን የኮድ ማስተካከያዎች ለሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) አዘጋጆች በመላካቸው፣ በ2021 ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ሥራ ሁሉ ታግዶ ነበር፤ ጽሑፋቸውንም መልሰው ለመውሰድ ተገደዱ። እነዚህ ተመራማሪዎች ፈተናቸው በኮድ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ሳይጠየቁ የምርምር አካል በተደረጉ ሰዎች ላይም መሆኑን አላመዛዘኑም። በመሆኑም የጽሑፍ ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ውሳኔ ከሙከራው በፊት በእጅ መግባት አለባቸው። ሙከራውም ከሌሎች ኔትወርኮች በተነጠለ ቤተ ሙከራ ቢካሄድ ይመረጣል። ድክመት ሲገኝ በቅድሚያ ለሶፍትዌሩ አምራች አሳውቆ ለማረም ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው፤ ይህም የመመረቂያ ቀንን ሊያዘገይ ስለሚችል ከአማካሪ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

የመጨረሻው ስህተት የሙከራን ማስታወሻ ለመጨረሻው ወር ማቆየት ነው። የሶፍትዌሩ ስሪት፣ የማሽኑ ቅንብርና ዳታው የተከፋፈለበት መንገድ በዕለቱ ካልተመዘገቡ፣ ገምጋሚው ውጤቱን እንዲደግሙ ሲጠይቅ ተማሪው ራሱ እንኳ የመጀመሪያውን ቁጥር መልሶ ላያገኘው ይችላል።