ሙዝና ፓፓያ በሱሉልታ፦ ከውርጭ ስናድናቸው የምንሠራቸው ስህተቶች

ቢሾፍቱ የፈላ የፓፓያ ችግኝ ሱሉልታ ሲተከል ወደ 800 ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጣ ማለት ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ችግኙ የለመደው ሌሊትና እዚህ የሚጠብቀው ሌሊት ለየቅል ናቸው። ሰንዳፋና እንጦጦ ጀርባ ላላችሁም ነገሩ ያው ነው። ግን ስንቱ ችግኝ ከብርዱ ይልቅ በእኛ አያያዝ ያልቃል!

ትልቁ ስህተት ክረምቱን ፈርቶ በጋውን መዘንጋት ነው። ሐምሌና ነሐሴ እኛን ያንቀጠቅጡናል፤ ለተክሉ ግን ደመናው ብርድ ልብስ ነው፣ መሬቱ ሌሊት የሚለቀውን ሙቀት ያስቀርለታል። ክረምት ላይ ፓፓያን የሚገድለው ሥሩ ላይ የሚተኛው ውሃ ስለሆነ፣ ከፍ ያለ መደብ ላይ ይትከሉት። ውርጩ የሚመጣው ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር። ቀኑን ፀሐይ ውሎ ማታ ኮከቡ ከደመቀና ነፋስ ከሌለ፣ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ሊጠብቅዎት ይችላል። ብዙ ሰው ደግሞ «ክረምቱ አለፈ፣ ፀሐይ ወጣች» ብሎ መሸፈኛውን የሚያነሣው ልክ በዚሁ ወቅት ነው።

ሲሸፍኑም ፕላስቲክ ቅጠሉ ላይ አይጣሉ። ፕላስቲኩ የነካው ቅጠል ብርዱን በቀጥታ ያገኘዋል፤ ረፋዱ ላይ ካልተነሣ ደግሞ ውስጡ ይቀቀላል። ጆንያ፣ አሮጌ አንሶላ ወይም ያረጀ ጋቢ ይሻላል። ዙሪያውን ሦስት አራት እንጨት ይትከሉና ጨርቁ ቅጠሉን ሳይነካ እነሱ ላይ ይረፍ። ጫፉ መሬት ድረስ ይውረድ። ግንዱ ላይ ሰብስቦ ማሰር የተለመደ ነው፣ ግን ከንቱ ልፋት ነው፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከአፈሩ ስለሆነ ከታች ከዘጉበት ከየት ያግኝ? ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ይሸፍኑ፤ ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ይግለጡ። በጣም የሚቀዘቅዘው ሊነጋ ሲል ስለሆነ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ወጥተው «ደህና ነው» ብለው እንዳይዘናጉ።

ቦታ አመራረጥ ላይም እንሳሳታለን። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ከግቢው ታች የግንብ አጥር ካለ መውጫ ያጣል። እዚያ ጥግ ሙዝ መትከል ልፋት ማብዛት ነው። የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት የቤቱ ግድግዳ ሥር ይትከሉት፤ ድንጋይና ብሎኬት ቀን የያዙትን ሙቀት ማታ ቀስ እያሉ ይለቃሉ።

ዩሪያ በጥቅምት? ተዉት። ለጋ ቅጠል ያወጣና ውርጩ መጀመሪያ የሚመታው እሱን ነው። ውሃ ግን አይከልክሉት፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል። የሚጠጣው ግን ጠዋት ነው።

ውርጭ የመታው የሙዝ ቅጠል ጠቁሮ ሲንጠለጠል ዓይን ይረብሻል፣ ልክ ነው። መቀስ ለማንሳት ግን አይቸኩሉ። የደረቀው ቅጠል ከሥሩ ያለውን ይከልላል፤ ቶሎ መቁረጥ ደግሞ አዲስ ቡቃያ ያለጊዜው ይጠራል። ብርዱ እስኪያልፍ፣ እስከ የካቲት መጨረሻ ይታገሱ። ግንዱ ቢሞት እንኳ ከመሬት በታች ያለው ክፍል ከተረፈ ሙዝ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሥሩን በደረቅ ጭድ ወፈር አድርጎ መሸፈን ለዚህ ነው።

በሳጥን ወይም በባልዲ የተተከለውን ማታ ቤት ማስገባት ደግ ነው፤ ግን መስኮት አጠገብ እንጂ ጨለማ ጓዳ ውስጥ አይክረም። «እንዲሞቀው» ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍሉን መዝጋት ግን በፍጹም አይሞከርም። የከሰሉ ጭስ ባይታይም ሰው ይገድላል።

ማንጎን በተመለከተ፣ ሱሉልታ ላይ ባትደክሙበት እመርጣለሁ። ይህን ሁሉ ጣጣ ችሎ ቢተርፍ እንኳ ፍሬ መስጠቱ ያጠራጥራል። የፈለጉት የሰፊ ቅጠል ግርማ ብቻ ከሆነ ደግሞ እንሰት አለ፤ የደጋ ተክል ነው፣ ብርዱን ከሙዝ በተሻለ ይችላል።