በቴሌቪዥንም ሆነ በዩቲዩብ የጥንት ዕቃ ገማች ለመሆን

እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በቢቢሲ፣ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካው ፒቢኤስ የሚተላለፈውን፣ ሰዎች የጥንት ዕቃቸውን አምጥተው የሚያስገምቱበትን "አንቲክስ ሮድሾው" የሚያይ ሰው የገማቹ ዋና ሥራ ዋጋ መጥራት ይመስለዋል። ተመልካቹን ይዞ የሚያቆየው ግን ገማቹ "እንዴት አወቅሁ?" የሚለውን ሲያሳይ ነው።

መጀመሪያ አንድ ዘርፍ ያዙ። ሳንቲም፣ ሰዓት፣ ምንጣፍ፣ የድሮ ፎቶ፣ የወደዳችሁትን። ጠገራ ብርን ውሰዱ። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ባለበት በዚህ ሳንቲም ላይ 1780 የሚል ታያላችሁ፤ ባለቤቱም ከ240 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ዕቃ ይዣለሁ ብሎ ይደሰታል። ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ካረፈች በኋላ ግን ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ሁሉ ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲቀርጹት ኖረዋል፣ ቪየና እንዲያውም አሁንም ትቀርጸዋለች። ስለዚህ ዓመቱን አትመኑ። መዝኑት፤ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት፣ የብር መጠኑም 83.3 በመቶ። ከዚያ በማጉያ መነጽር የጠርዙን ጽሑፍ፣ የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥና በጀርባው የተቀረጸውን ንስር የጅራት ላባ እዩ። የትኛው ከተማ እንደቀረጸው የሚለየው በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ፣ አያቴም በሚገባት ቋንቋ ማስረዳት ከቻላችሁ ለካሜራ ደርሳችኋል። ባለቤቱንም እባክህ አትወልውለው በሉት፤ የተፈተገ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ለዚህ ሥራ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። ቢሆንም የገማቾች ማኅበር አባል ሁኑ፣ ዩስፓፕ የሚባለውን የሙያ ደንብ የ15 ሰዓት ኮርስ ውሰዱ። ጨረታ ቤት ገብታችሁ ዕቃ መሸከምና መመዝገብም ቢሆን ጀምሩ፤ እጅ የሚለምደው እዚያ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ በግልጽ ልንገራችሁ። የፒቢኤሱ ፕሮግራም ገማቾች ክፍያ የላቸውም፣ የጉዞ ወጪያቸውንም ራሳቸው ይችላሉ። እንጀራው ያለው ለኢንሹራንስ፣ ለውርስ፣ ለፍቺና ለግብር በሚጻፍ ግምት ላይ ነው። ሚዲያው ስም ይሰጣችኋል፣ ስሙ ደንበኛ ያመጣል። ዋጋ ስትናገሩም የምን ዋጋ እንደሆነ አብራሩ፤ ለኢንሹራንስ የሚጻፈው የመተኪያ ዋጋ (ዕቃው ቢጠፋ ተመሳሳዩን ለመግዛት የሚያስፈልገው) እና ጨረታ ላይ የሚያወጣው ዋጋ በጣም ሊራራቁ ይችላሉ።

የገመታችሁትን ዕቃ ራሳችሁ አትግዙ። ከዋጋው ላይ ፐርሰንት አትጠይቁ። በዚያው በአሜሪካው ፕሮግራም ላይ የቀረቡ ሁለት የጦር ዕቃ ገማቾች የሰይፍ ግመታ አስመስለው ሠርተው ነበር። ያ ቀረጻ ታዋቂ አደረጋቸው፣ በታዋቂነታቸውም ያመኗቸውን ቤተሰቦች አታለሉ፤ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋተኛ ተባሉ።

እኛን በቅርብ የሚነካው ጉዳይ ደግሞ ይህ ነው። አንድ ሰው የብራና መጽሐፍ ወይም የቤተ ክርስቲያን መስቀል ይዞ ቢመጣ ከዋጋው በፊት ከየት እንዳገኘው ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው ብዙ ቅርስ እስካሁን በውጭ አገር ሙዚየሞችና በግለሰቦች ቤት አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማውጣትም በሕግ የተከለከለ ነው። ታሪኩ ካልጠራ ዋጋ አትጥሩ፣ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም ወደ ኤምባሲ ምሩት። ታቦት ከሆነ ካሜራውን አጥፉና ቤተ ክርስቲያን እንድታውቀው አድርጉ።