የውሻው ድርሻ ቅቤ ሳይገባ ይውጣ፦ ስንዴና ገብስ ለሰውም ለቤት እንስሳም

ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ወፍጮ ቤት አለችን። ባለቤቴ ድንጋዩ ጋ ነው፣ እኔ ሚዛኑ ጋ። የመንዝ ገብስ፣ የጅሩ ስንዴ፣ የምንጃር ጤፍ፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል የሚወጣ ማሽላ፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ሥራዬን እወደዋለሁ። አንድ ነገር ግን ሁሌም ያናድደኛል። ክረምት ሲወጣ ሰው የሻገተ ስንዴ በማዳበሪያ ይዞ ይመጣል። ሽታው ገና ከበር ላይ ይቀበለኛል። ምንድን ነው ስል «ለውሻ ነው፣ ዝም ብለሽ ፍጪው» ይለኛል።

አልፈጨውም። ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። መርዙ ጉበት ነው የሚመታው፣ ውሻ ደግሞ በጣም ይጎዳበታል። ብትቀቅሉትም ብትጋግሩትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ድንጋዩ ላይ የቀረው ትራፊም ቀጥሎ የሚያስፈጨው ሰው ዱቄት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከአስቀማመጡ ጀምሩ። ጆንያውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡ፣ ከሥሩ እንጨት ደርድሩ፣ ከግድግዳውም ራቅ አድርጉት። ጎተራ ከመግባቱ በፊት አንድ ፍሬ በጥርሳችሁ ንከሱ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ጥርስ ከያዘው ግን ገና ነው፣ ፀሐይ ላይ መልሱት።

እኛ ቤት ሦስት ልጆች፣ መብረቅ የሚባል ውሻና አንዲት ድመት አሉ። መኖ ገዝተን አናውቅም። ከምናበስለው ነው የምንሰጣቸው። ለሰው የሚሆን እህል ለውሻም ይሆናል፣ ነገሩ ያለው አዘገጃጀቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስንዴው ይለቀም። ጠጠሩን ሁሉም ያወጣል፣ እንክርዳዱን ግን ብዙ ሰው ያልፈዋል። እንክርዳድ ከስንዴ ቀጠን ይላል፣ ቀለል ይላል። ሰፌዱን ስታንገዋልሉት ወደ ዳር ይወጣል። እዚያ ላይ ጠረግ አድርጉት፣ የቀረውን በእጅ ልቀሙ። እንክርዳድ የበዛበት ዳቦ የበላ ሰው ራሱ ይዞራል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል። እንስሳውንም እንደዚያው ነው የሚያደርገው፣ እሱ ግን «አዞረኝ» ብሎ አይነግራችሁም።

ከዚያ ቅንጬ። ስንዴውን ውሃ አርከፍከፍ አድርጌ ሙቀጫ ውስጥ እፈትገዋለሁ። ገለባው ሲላቀቅ አሰጣዋለሁ፣ ሲደርቅ አነፍሰዋለሁ፣ ከዚያ ባለቤቴ ሸርከት አድርጎ ይፈጨዋል። ገብስም እንዲሁ ነው። ድንጋዩ በተወቀረ ማግስት ግን አታስፈጩ፣ የመጀመሪያው ዱቄት አሸዋ አሸዋ ይላል። ለአንድ ብርጭቆ ቅንጬ ሁለት ተኩል ብርጭቆ ውሃ አደርጋለሁ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ከዚህ ባነሰ ውሃና ጊዜ ታበስላለች። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን ውሃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላና ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ አትቸኩሉ። እሳቱን ቀንሱ፣ ክደኑት፣ ፍሬው በጣት ሲጫኑት እስኪሟሽሽ ጠብቁ። ውሻ ጥሬ እህል ቢበላ አብዛኛው እንዳለ ነው የሚወጣው። ሲበስል ግን በደንብ ይፈጨዋል። በፈረንጆቹ 2013 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ውሻ ከተኩላ ሲለይ ስታርች የሚፈጭበት ዘረመል በብዛት ተባዝቶለታል። ከሰው ጋር እህል እየበላ የኖረ እንስሳ ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ቅንጬው ውሃውን መጥጦ ሲጨርስ፣ ጨው ሳይገባ፣ ቅቤ ሳይገባ፣ የመብረቅን ድርሻ በጭልፋ አወጣለሁ። ቅቤያችን የተነጠረው በነጭ ሽንኩርት ነው። ቀይም ይሁን ነጭ፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ከቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይደክማል። እኛ ሀገር ደግሞ የውሻ ምግብ ማለት ወጥ የነካው የተረፈ እንጀራ ነው። እኔም ለዓመታት ያንኑ ሰጥቻለሁ። ሽሮውም ምስሩም ሽንኩርት ነው መሠረቱ። ደረቁን እንጀራ ስጡት፣ ወጥ የነካውን ተዉት።

ለውሻ እህል ብቻውን አይበቃም። እኔ የቅንጬውን ያህል የተቀቀለ ሳንባ ወይም ጨጓራ እቀላቅልለታለሁ። እዚህ ላይ በጣም እለምናችኋለሁ፣ በደንብ ይቀቀል። በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩ፣ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ያ ከረጢት የትል እጭ ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ልጆቻችሁ እጅና አፍ ይሄዳል።

ያለፈው ዓመት የገና ዋዜማ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለድፎ ዳቦ ያቦካሁትን ሊጥ በሳፋ አድርጌ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ያለ ሙቀት ኩፍ አይልም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የማድ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ቀርቷል። ስንመለስ ሳፋው ጎድሏል። መብረቅ አጥሩ ሥር ቆሟል፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ስጠራው መጣ፣ ግን የኋላ እግሮቹ ይጠላለፉ ነበር። ትንሹ ልጄ «እማዬ፣ መብረቅ ሰክሯል» አለኝ። እውነቱን ነበር። ሊጡ በሆዱ ሙቀት መቡካቱን ይቀጥላል፣ ያብጣል፣ እርሾው የሚያወጣው አልኮል ደሙ ውስጥ ይገባል። ባለቤቴ በጋቢ ጠቅልሎ ተሸክሞት በባጃጅ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድነው። ሐኪሙ ደርሳችሁበታል አለን። መብረቅ በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ጮኸ፣ እኔም አለቀስኩ። እንዲህ ከገጠማችሁ በራሳችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ እስኪነጋም አትጠብቁ። የተጋገረ ዳቦ ቁራሽ ችግር የለውም። ዘቢብ ካለበት ግን አትስጡት፣ ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ይጎዳል። የጠላ አተላም ለከብት እንጂ ለውሻ አይሆንም።

ድመት ሌላ ነገር ናት። ሥጋ በል ሆና ነው የተፈጠረችው። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። እህል ውስጥ ታውሪን የለም። ፍትፍት ላይ ያደገች ድመት አይጥ እያደነች ነው የምትኖረው፣ ቤት የተዘጋባት ግን ከየት ታምጣ? ከቅንጬው ጫፍ ማንኪያ ይበቃታል፣ ቀሪው ሥጋ ይሁን።

ጾም ሲገባ ጭንቅ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ቤቱ ሥጋ የለውም፣ እንስሶቹም አብረው ይጾማሉ። ዶሮዎቹ ግን እንቁላል መጣላቸውን አያቆሙም፣ የሚበላው ሰው ነው የሚጠፋው። ቀቅላችሁ ለመብረቅም ለድመቷም ስጡ። ለድመቷ ግን እንቁላል ብቻውን አያዛልቃትም። ቅበላ ሳምንት የገዛሁትን ጨጓራና ልብ ቀቅዬ በትንንሹ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥላታለሁ።

ለሰው ስመለስ፣ እናቶቻችን ዳቦን በሽሮ፣ ቆሎን ከሽንብራ ጋር ያቀረቡት በከንቱ አይደለም። ስንዴና ገብስ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፣ ባቄላና ሽንብራ ይሞሉታል። ልጅ 6 ወር ሞልቶት ምግብ ሲጀምር ለገንፎው የሚሆነውን እህል ከጥራጥሬ ጋር አስፈጩ። በሶን ደግሞ ለመንገድ ብቻ አታስቀምጡት። ገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሠር ኮሌስትሮል ይቀንሳል፣ ቶሎም አያስርብም።

አንዳንድ ሰው ሆዴን ነፋኝ ብሎ ስንዴ በራሱ ይተዋል። ከመተው በፊት ተመርመሩ። ሴሊያክ የሚባለው በሽታ በደም ምርመራ የሚታየው ስንዴ እየበላችሁ ሳለ ነው፣ ከተዋችሁ በኋላ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። በሽታው ከተገኘ ስንዴም ገብስም ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሰው አንጀት የሚጎዳው ግሉተን የሚባል የስንዴና የገብስ ፕሮቲን ነው፣ ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ግን ግሉተን የላቸውም።

ግን ወፍጮ ቤት ስትመጡ ንገሩን። ስንዴ በፈጨ ድንጋይ ላይ የገባ ጤፍ ስንዴ ይዞ ይወጣል፣ እንዲህ ላለ ሰው ያቺ ትንሽ እንኳ ትበዛበታለች። ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ቤት ካለ እዚያ ሂዱ፣ እኔም ራሴ ወደዚያ ነው የምልካችሁ።